ኮሪያ ብለህ ጻፍ

ምድር ቤት የወረድኩት ነጭ ልብስ ፍለጋ ነበር። ሃልሞኒ ማረፋቸውን በሰማሁ ማግስት ነው። የሚቀበሩበትን ልብስ በሻንጣ አድርገው ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር ባለው ቤታቸው ምድር ቤት እንዳስቀመጡት ከዓመታት በፊት ነግረውኛል፤ ቁልፉንም ያኔውኑ ሰጥተውኛል። በሩን ስከፍተው ግን ከልብሱ በፊት ሽታው አገኘኝ። የተብላላ አኩሪ አተር፣ ጨው፣ የረጠበ ገለባ። ከአሮጌው የበረዶ መንሸራተቻ ጀርባ አኩሪ አተር የሚያብላሉበት ያ ቡናማ እንስራ ዛሬም እንደተከደነ ተቀምጧል። ለማያውቀው ሰው አፍንጫ የሚያስይዝ ሽታ ነው። እኔን መጀመሪያ አስለቀሰኝ፣ ቀጥሎ አናደደኝ፤ ንዴቱም ይኸው እስካሁን አልለቀቀኝም።

“ሃልሞኒ” በኮሪያ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። የሥጋ ዘመዴ አልነበሩም። እኔ ወሎዬ ነኝ፣ ያውም ዙሪክ የተወለድኩ ወሎዬ፤ እሳቸው ደግሞ በወጣትነታቸው በነርስነት ወደዚህ መጥተው፣ ስዊስ አግብተው እዚሁ የቀሩ ኮሪያዊት ናቸው። ደረጃው ላይ በራቸውና በራችን ፊት ለፊት ነበር።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከሥሩ ሐዘንተኞቹ ከነመኖሪያ ከተማቸው በስም ይጻፋሉ። የሃልሞኒ ባል ቀድመዋቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የቀራቸው ሥጋ አንድ ወንድም ነው፤ እሱም በሕይወት ካለ። ያንን ወንድም ፍለጋ በአሥር ዓመቴ ከእሳቸው ጋር ጄኔቭ ድረስ ሄጃለሁ። የተናደድኩት ያኔ ነው። አሁን ትልቅ ሴት ሆኜም አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ትውውቃችን ራሱ በንዴት ነው የጀመረው። አንድ ቅዳሜ የሕንፃው ጠባቂ፣ እዚህ አብቫርት የሚሉት፣ በራችንን አንኳኳና “ምድር ቤቱ ይሸታል፤ ሰው እያማረረ ነው” አለን። ያን ሁሉ በር አልፎ ለምን እኛ ጋ ቀድሞ እንደመጣ ያኔ አልገባኝም ነበር። እማዬ ግን ገብቷታል። ፊቷ ተለወጠ፤ አልተከራከረችም። ምድር ቤት ያስቀመጠችው አንድ ማሰሮ ድልህ ስለነበራት ጥፋቱ የሷ መሰላትና ልታወጣው ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። ማሰሮዋን አቅፋ ስትመለስ ደረጃው መሐል ላይ ጡብ የሚያክል ነገር በከረጢት የታቀፉ አንዲት ቀጭን አሮጊት አገኘን።

“ይቅርታ፣ ሽታው የእኔ ነው” አሉ አሮጊቷ በጀርመንኛ።

“ኧረ የኔ ነው በያቸው” አለችኝ እማዬ።

አልኳቸው። አይሆንም፣ የኔ ነው አሉ። ሁለት ሴቶች ደረጃ ላይ ቆመው ጥፋት ሲሻሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በመጨረሻ እማዬ ክዳኑን ከፍታ አስሸተተቻቸው። ሃልሞኒ ዐይናቸው በራ፤ እኛን በሩ ላይ አቁመው ገቡና በትንሽ ሳህን ቀይ የበርበሬ ማባያ ይዘው ወጡ። እማዬ በጣቷ ቀመሰች።

“ያ አላህ! ይሄማ ድልህ ነው! ጣፈጥ ያለ ድልህ! ሰሚራ፣ ከየት ነው የመጡት በያቸው እስቲ፤ ወላሂ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብቫርቱን በአንድነት ጠሉት። እማዬ ቪዲኮን ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ስለምትሠራ፣ ትምህርት ቤት በማይኖርበት በረቡዕ ከሰዓት የምትተወኝ ቦታ አጥታ ትሰቃይ ነበር። ሃልሞኒ “እኔ ጋ ትዋል” አሉ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ግን እሳቸው ቤት ክልክል ነው። አኩሪ አተር እለቅማለሁ፤ የተቀቀለውን በዘነዘና እወቅጣለሁ፤ እሳቸው እየጠፈጠፉ እንደ ጡብ ያደርጉትና በገለባ አስረው ይሰቅሉታል። ሻጋታ ሲያወጣ ደስ ይላቸዋል። እኔ የተበላሸ እየመሰለኝ ለሳምንታት አዝኜላቸዋለሁ፤ ሰው ይህን ያህል ለፍቶ ምግቡ ሲሻግት የሚስቅ ልቡ የተሰበረ ቢሆን ነው ብዬ።

ታሪክ አላስተማሩኝም። ሐሜት ነው የነገሩኝ፤ ያውም የመንደር ሐሜት፣ አተሩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ የሚሰማ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ንግሥታችንን ታውቂያለሽ? የጃፓን ሰዎች ግቢዋ ድረስ ገብተው ገደሏት። በመኝታ ቤቷ! አስከሬኗንም አቃጠሉት። ባሏ፣ ንጉሡ፣ ወይዛዝርት በሰው ትከሻ በሚጓዙበት ዝግ ወንበር ተሸሽገው ነው ከቤተ መንግሥታቸው ያመለጡት። ንጉሥ! ከገዛ ቤቱ!” እኔ ጃፓን የሚባል አንድ ክፉ ሰውዬ ይመስለኝ ነበር፤ በልቤ የሰጠሁትም መልክ የአብቫርታችንን ነው። አንኳኩቶ የሚገባ፣ ቤቱ የሱ ያልሆነ፣ ነገር ግን ሁሉም ሰው የሚፈራው።

ንጉሡ አገራቸውን ሊነጠቁ ሲሉ በድብቅ ሦስት መልእክተኞች ወደ አውሮፓ ላኩ። የዓለም መንግሥታት ስለ ሰላም በተሰበሰቡበት ከተማ ደርሰው በሩን አንኳኩ። “አላስገቧቸውም” አሉኝ ሃልሞኒ፤ “አገራችሁ ራሷን ችላ መናገር አትችልም ተባሉ። አንደኛው እዚያው ሞተ።”

“በምን ሞተ?” አልኳቸው።

“አያቴ በንዴት ነው ይሉ ነበር።”

ሰው በንዴት እንደሚሞት የሰማሁት ያኔ ነው። ለጥቂት ቀናት መናደድ ፈርቼ ነበር፤ አልቻልኩበትም እንጂ። ሽማግሌው ንጉሥ ሲሞቱ ደግሞ የሃልሞኒ አያት ነጭ ለብሰው ዋና ከተማ ድረስ ሄደው መሬት ላይ ተደፍተው አለቀሱ። በኮሪያ የሐዘን ልብስ ነጭ ነው። “ለንጉሡ ብቻ አልነበረም ያለቀሱት” ብለው ሃልሞኒ አተሩን አንጓለሉት፤ እኔም ሌላ ለማን እንደነበር አልጠየቅኩም።

ከሁሉ የከነከነኝ የስሙ ነገር ነው። ሃልሞኒ ሕፃን ሳሉ ጃፓን ሁሉም ኮሪያዊ ስሙን ትቶ የጃፓን ስም ያውጣ አለ። ትምህርት ቤት በሐሰተኛው ስም ይጠሯቸዋል፤ በቋንቋዋ የተናገረች ልጅ ትገረፋለች፤ ቤት ሲገቡ እናታቸው በሹክሹክታ በእውነተኛው ትጠራቸዋለች። ታናሽ ወንድማቸው የተወለደው በዚያ ዘመን መጨረሻ ስለሆነ መዝገብ ላይ የሰፈረለት ስም የጃፓኑ ብቻ ነው። “ይሄ ኡንፌር ነው!” ብዬ ሙቀጫውን ጥዬ ተነሣሁ። ልክ አይደለም ለማለት ከዚህ የተሻለ አማርኛ ያኔ አልነበረኝም። ለእማዬ ስነግራት ግን የገባት ይመስለኛል፤ ሥራ ቦታዋ “ዘይነባ” ማለት ስለከበዳቸው ሁሉም “ዚና” ነው የሚሏት።

ስለ መስመሩ የነገሩኝ በፀደይ ነው። ጃፓን ተሸንፎ ሲወጣ አገሩ ሁሉ በደስታ አበደ። “እውነተኛ ስሜን በአደባባይ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ አሥር ዓመቴ ነበር፣ እንደ አንቺ።” ደስታው ግን ወር አልዘለቀም። ሩቅ አገር ሁለት የጦር መኮንኖች በአንድ ምሽት ካርታ ዘርግተው አገሩን ወገቡ ላይ በመስመር ከፈሉት፤ ሰሜኑ ለሩሲያ፣ ደቡቡ ለአሜሪካ። ከኮሪያ ሰው አንድም አልተጠየቀም። ኬሶንግ የምትባለው የሃልሞኒ ከተማ ለጥቂት ከመስመሩ በታች ወደቀች፤ ደቡብ ተባለች። ከአምስት ዓመት በኋላ ጦርነት መጣ። ጦርነቱ ሲቆም መስመሩ ሌላ ቦታ ተሰመረ፤ ኬሶንግ አሁን ከመስመሩ በላይ ሆነች፤ ሰሜን ተባለች። ከተማዋ እኮ አልተንቀሳቀሰችም!

ሃልሞኒ ግን በጦርነቱ መሐል ከከተማዋ ወጥተዋል። አሥራ አምስት ዓመታቸው ነበር፤ በረዶ ነው። የሰሜን ጦር እየመጣ ነው ሲባል አባታቸው “ለሦስት ቀን ብቻ ወንዙን ተሻግረን እንመለሳለን” ብሎ እሳቸውን ይዞ ወጣ፤ እናትና የስድስት ዓመቱ ወንድማቸው ቤት ሊጠብቁ ቀሩ። ትንሹ ልጅ እኅቱ እንዳትሄድበት አንድ እግር ጫማዋን ደበቀ። ተለመነ፣ ተቆጡት፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ባዶ እግራቸው ላይ የእናታቸውን የላስቲክ ጫማ አጥልቀው ወጡ።

“ኋላስ? ጫማው ተገኘ?”

“እሱ ጋ ነው” አሉኝ፤ ነገ ሄደው እንደሚያመጡት ሁሉ።

እኔ መስመሩ ሜዳ ላይ በኖራ እንደሚሰመረው ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ዘለል ብሎ ማለፍ ነው! ሃልሞኒ የስዊስ መኮንኖችም እዚያ ካሉት ታዛቢዎች መካከል እንደሆኑ ሲነግሩኝማ ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ። የኛ ሰዎች እዚያ ካሉ ምን ቸገረን፤ አንዱን አስጠርቶ “እኚህ ሴትዮ ጎረቤቴ ናቸው፣ አሳልፏቸው” ማለት ነው። በማግስቱ ለመምህሬ ነገርኳት። ፈገግ ብላ “እነሱ ገለልተኛ ናቸው፤ የሚያዩት ብቻ ነው” አለችኝ። የሚያዩት ብቻ! ቤት ገብቼ ይህን ስነግራት እማዬ ሳቅ መሳይ ብስጭቴን አይታ “የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም” አለች። አባባሉን ለመምህሬ ተርጉሜ አልነገርኳትም፤ ባሏን የሰደብኩባት እንዳይመስላት።

በዚያ ሰኔ የሁለቱ ኮሪያ መሪዎች ተገናኙ። ሃልሞኒ ሳሎን ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረን አየን፤ መነጽር ያደረጉ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይስቃሉ። እማዬ እልል አለች። የሃልሞኒ እጅ ጉልበቴን ጨምድዶ ይዞኝ ነበር። ወዲያው የተለያዩ ቤተሰቦች እንደሚገናኙ ተወራ። ሃልሞኒ ያን ቀን እራት አልበሉም፤ “አሁን አምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆኗል” እያሉ ሳሎኑን ዞሩት።

ጄኔቭ ውስጥ ጠፍተው የቀሩ ሰዎችን የሚያፈላልግ አንድ ቢሮ እንዳለ ያወቀችው እማዬ ናት፤ ወንድሟ አጎቴ ከድር እዚያ ከተማ ሾፌር ስለሆነ የማያውቀው ቢሮ የለም። ችግሩ ቋንቋ ነው። ሃልሞኒ ጀርመንኛ እንጂ ፈረንሳይኛ አይችሉም፤ አጎቴ ፈረንሳይኛ እንጂ ጀርመንኛ አይችልም። ሁለቱን የማገናኘው እኔ ነኝ። እማዬ ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ላይ ፀጉሬን ደግማ አበጥራ፣ “የሰው ነገር በአፍሽ ነው፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ” ብላ ላከችን።

ጄኔቭ ስንደርስ አጎቴ ከድር ጣቢያ ድረስ መጥቶ የሃልሞኒን ጉልበት ለመሳም ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጎንበስ አለላቸው። እሳቸውም በአገራቸው ወግ ጎንበስ አሉ፤ እሱ እንዳይበለጥ ይበልጥ ጎነበሰ፤ መንገደኛው በግራ በቀኝ እያለፈን ቆየን። በመኪናው ከተማውን ሲያሳየን “የኛ ንጉሥ፣ ጣሊያን ሲወረን፣ እዚሁ ከተማ መጥተው ለዓለም መንግሥታት ሊናገሩ ሲቆሙ አፏጩባቸው፤ ንገሪያቸው” አለኝ። ነገርኳቸው።

“የእናንተን እንኳ አስገብተዋቸዋል” አሉ ሃልሞኒ።

ለአጎቴ ተረጎምኩለት። መሪውን በመዳፉ መታ። “ቮዋላ! በያቸው፣ አስገብተው ነው ያፏጩባቸው፤ የቱ ይሻላል?” ከዚያ ደግሞ በረጅም አጥር የተከበበ ትልቅ ግቢ አሳየንና ከጦርነቱ በኋላ ታላላቆቹ መንግሥታት ስለ ኮሪያ እዚህ ለሳምንታት ተሰብስበው ሳይስማሙ እንደተበተኑ ነገረን። ሃልሞኒ በመስኮት ግቢውን አዩት። ሣሩ ታጭዷል፤ ባንዲራ በባንዲራ ነው። “ቆንጆ ቦታ ነው” ብቻ አሉ።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለን ወጣት ጨዋ ነበር። እስከዛሬ የሚያናድደኝ ጨዋነቱ ነው፤ ቢጮህብን ኖሮ እኛም እንጮህ ነበር። ውሃ ቀዳልን፤ ለእኔ ከረሜላ ሰጠኝ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። እሱ በፈረንሳይኛ ለአጎቴ፣ አጎቴ በአማርኛ ለእኔ፣ እኔ በጀርመንኛ ለሃልሞኒ፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

“የተወለዱበት አገር?”

“ኮሪያ።”

“የትኛው?”

“ስወለድ አንድ ነበር።”

ወጣቱ አሰበ። መጽሐፍ ገለበጠ። ከዚያ በትሕትና፣ በተወለዱበት ዓመት ኮሪያ የሚባል መንግሥት ስላልነበረ የተወለዱት በጃፓን ግዛት ነው፣ ዜግነታቸውም ሲወለዱ ጃፓናዊ ነው የሚባለው፣ እንዲያ ብሎ መጻፍ ግድ ነው አለ። አጎቴ ከድር ወደ እኔ ዞረና ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመልኝ። “ምን አለ?” አሉኝ ሃልሞኒ። አጎቴ “ተይ፣ ይሄን አትንገሪያቸው” አለኝ። እማዬ ደግሞ አትጨምሪ አትቀንሺ ብላኛለች። ነገርኳቸው።

ቀና ብለው ተቀመጡ። ወጣቱ ጻፈ፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሲጭር ይሰማኛል።

“የወንድምዎ ስም? ሲወለድ የተመዘገበው።”

ሃልሞኒ ወንድማቸው በቤት የሚጠራበትን ስም ተናገሩ። ወጣቱ አይደለም፣ መዝገብ ላይ ያለው ነው የሚያስፈልገኝ፤ ያለዚያ የሚያመሳክሩበት የለም አለ። ሃልሞኒ እጆቻቸውን አዩ። አጎቴ ከድር በአማርኛ “ይቅርብን፤ ወላሂ ይቅርብን፤ ተነሡ እንሂድ” አለ፤ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ያንን የጃፓን ስም ተናገሩት። በቀስታ፣ ግልጽ አድርገው፣ መምህር ፊት እንደቆመች ልጅ። ያ ስም ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልረሳሁትም፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ስንወጣ አደባባዩ ላይ ውሃ የሚፈስበት ፏፏ የሚል የድንጋይ ገንዳ ነበር። ሃልሞኒ ቦርሳቸውን ለእኔ ሰጥተው በእፍኛቸው ውሃ ቀዱና አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ ተፉ። እንደገና። እንደገና። እኔ ውዱእ የሚያደርጉ መሰለኝ። እማዬ ከሶላት በፊት እንዲያ ነው የምታደርገው። ደስ ብሎኝ “አሁን እጅዎን እስከ ክርንዎ” አልኳቸው፤ እንዳይሳሳቱብኝ። አጎቴ ትከሻዬን ያዘኝ። ዞሬ ሳየው ዐይኑ ቀልቷል።

ሃልሞኒ አፋቸውን በመሐረብ አብሰው ተጠጉኝ። “አሁን እውነተኛውን ስም አንቺ በዪው” አሉኝ፤ “ዛሬ በመጨረሻ የተጠራው እሱ እንዲሆን።”

“ሶንግሆ” አልኩ።

“ጮክ ብለሽ።”

“ሶንግሆ!” እርግቦቹ ብድግ አሉ። በመስመሩ በዚህ በኩል ይህን ስም የሚያውቅ ከእሳቸው ሌላ ሰው እንዳልነበረ የነገሩኝ በመልሱ ባቡር ላይ ነው። አባታቸው ሞቷል። “አሁን ሁለት ሆንን” አሉኝ።

መልሱ በመስከረም መጣ። እሱም ጨዋ ነበር። ደቡቦቹ ስም ዝርዝሩ እዚያ ለሚኖሩ ነው፣ እርስዎ የስዊስ ዜጋ ነዎት አሉ። ሰሜኖቹ ደግሞ ከተማዋን የለቀቁት በደቡብ ሥር ሳለች ነው፣ ጥያቄው ከዚያው ይምጣ አሉ። ስዊሶቹ እኛ ገለልተኛ ነን አሉ። ሁሉም ወደ ሌላው በትሕትና መሩን። ስለ ሶንግሆ፣ አለ ወይም የለም የሚል አንዲት ቃል አልነበረበትም። የጃፓኑን ስም በከንቱ ነው ያወጡት። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

ትምህርት ቤት ፎርትራግ የሚሉት ነገር አለ፤ ተማሪ አንድ ርዕስ መርጦ ክፍሉ ፊት ቆሞ ያስረዳል። የእኔ ተራ ሲደርስ መምህሬ ስለ ኢትዮጵያ እንደምናገር እርግጠኛ ነበረች። እኔ ኮሪያ አልኩ። “ሰሜን ወይስ ደቡብ?” “ኮሪያ።” ከሃልሞኒ ጋር ትልቅ ካርታ ሠራን፤ ተራራውን እሳቸው ቀቡት፣ ባሕሩን እኔ። ኬሶንግን በቢጫ ነጥብ አደረጓት፤ መስመር የሚባል አላደረግንበትም።

ስለ ንግሥቲቱ ነገርኳቸው። በንዴት ስለሞተው መልእክተኛ ነገርኳቸው። ጫማው ጋ ደረስኩ። ያኔ መምህሬ ተነሥታ፣ “በጣም ቆንጆ ነው፤ ልጆች እንዳይሳሳቱ ግን ይህን እናስተካክል” አለችና በወፍራም ቀይ ማርከር ካርታው መሐል ላይ ከዳር እስከ ዳር አሰመረች። ለክፋት አልነበረም። ማርከሩን ከእጇ መንጠቄን ብቻ ነው የማስታውሰው። ምን እንደጮኽኩ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ “ማን ጠየቀሽ! ማን ጠየቀሽ!” ስል ነበር አሉ፤ በአማርኛ።

እማዬ ከሥራ ተጠርታ መጣች። በተሰባበረ ጀርመንኛዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ እኔንም ይቅርታ አስጠየቀችኝ። መንገድ ላይ ግን ካርታውን ጠቅልላ በብብቷ እንደያዘች፣

“መስመሩን እሷ ናት ያሰመረችው?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ሳትጠይቅሽ?”

“ሳትጠይቀኝ።”

“እንግዲያው ይቅርታሽን መልሼ ወስጄዋለሁ” አለች። እማዬ በሕይወቷ ከመምህር በላይ የፈራችው ሰው የለም።

ሃልሞኒ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። እኔ የፈራሁት መስመሩን ሲያዩ እንዳያለቅሱ ነው። እሳቸው ግን ፊታቸውን አስጠግተው የሆነ ነገር ይፈልጋሉ። ቢጫዋን ነጥብ ነው። ማርከሩ ወፍራም ስለነበር ኬሶንግ ከነጭራሹ ከቀዩ ቀለም ሥር ገብታለች። በጥፍራቸው ፋቁ፤ ወረቀቱ ተላጠ እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም። ያን ቀን ነው ያለቀሱት። እኔም፣ እማዬም አለቀስን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያመጣው ሽታው ነው። ሻንጣውን ከፍቼ ነጩን ልብስ አወጣሁ። እንደዚያ ለንጉሡ እንደተለበሰው ዓይነት፣ ተለብሶ የማያውቅ። ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ ፈታሁት። የደረቀ፣ የተጨማደደ የልጃገረድ ጫማ ነው፤ አንድ እግር። ያላደረጉትን ጫማ በዚያ በረዶ፣ በዚያ ሽሽት ተሸክመው ወጥተው ነበር። ጥንዱን ሲያገኙ ሊያደርጉት።

በማግስቱ የሞት ማስታወቂያ ወደሚያዘጋጀው ሰው ሄድኩ። ጨዋ ወጣት ነው፤ ጨዋ ያልሆነ ሰው እዚህ አገር የት እንደሚሠራ እንጃ። የሐዘንተኞችን ስም ጠየቀኝ። የራሴንና የእማዬን ነገርኩት። ከዚያ “ወንድማቸው፣ ሶንግሆ” አልኩ።

“በሕይወት አሉ?”

“አላህ ያውቃል።”

ትንሽ ተቸገረ፤ ጻፈ። “መኖሪያ ከተማ?”

“ኬሶንግ።”

“አገር?”

“ኮሪያ።”

ጣቶቹ ኮምፒውተሩ ላይ ቆሙ። እንደሚመጣ አውቄው ነበር፤ ጆሮዬ ቀድሞ ጋለ። “ሰሜን ወይስ ደቡብ?” አለኝ።

በእኛ ወግ ሰው ሲሞት ዘመዱ በወሬ ወሬ አይሰማም። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው ሥራ ሳይወጣ በሩ ላይ ሄዶ መርዶውን ይነግረዋል፤ አብሮትም ያለቅሳል። ለሶንግሆ የሚላክ መርዶ ነጋሪ የለም፤ ይህች የጋዜጣ መስመር ብቻ ናት።

“ኮሪያ ብለህ ጻፍ” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንዳየ አላውቅም፤ ጻፈ።

ሃልሞኒን በነጩ ልብሳቸው ቀበርናቸው። ጫማውን ግን አብሬ አልቀበርኩትም። እኔ ጋ ነው። ጥንዱ እሱ ጋ ነው።